የሀብተወልድ አይሱዙ ለምን አልነሳ አለች

ሌላው ሾፌር በፍጥነቱ ይኩራ፣ በጭነቱም ይፎክር። የሀብተወልድ ኩራት ግን አንድ ብቻ ነበረች፤ ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ በአንድ ጊዜ ትነሳለች። ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በኤረር በር የሚውሉት ጫኝና አውራጆች የሰውን መኪና ሁሉ ሲገፉ የእሱን አይሱዙ ገፍተው አያውቁም። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ኖረ። አሁን ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ ስምንት ጊዜ ተገፋች። ስምንቱንም ቆጥሯል፤ እነሱም ቆጥረዋል። ገና ከሩቅ ሲያዩት እጅጌያቸውን መጠቅለል ጀምረዋል።

አይሱዙዋ የራሱ አይደለችም። ባለቤቷ ጀጎል ውስጥ የሚኖሩት የሽንኩርትና የድንች ነጋዴ፣ አዴ መስቱራ ናቸው። ባላቸው ዐብዱራሕማን ሲሞቱ ዘመድ አዝማዱ «መኪናው ይሸጥ፣ ሴት ሾፌር አትቆጣጠርም» ቢላቸው፣ «ሀብቴ እያለ ምን መቆጣጠር ያስፈልገኛል» ብለው ቁልፉን በእጁ ሰጡት። እሱም ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው። ከሶፊ ገበሬ ደጃፍ እስከ ድሬዳዋ ገበያ ሲመላለስ የት ዋልክ ብለውት አያውቁም። ልጃቸውን ሐምዲን መንዳት ያስተማረው እሱ ነው። ልጁ ሁለት ጊዜ ክላች ሲያቃጥል «መንገዱ ነው ያቃጠለው» ብሎ የሸፈነለትም እሱ ነው።

መኪናዋ መጀመሪያ እምቢ ያለች ጠዋት ሀብተወልድ ነገሩን ለአዴ መስቱራ ነገራቸው። እሳቸውም ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «መብራት ሳታጠፋ አድረህ ይሆናል ሀብቴ። ምን ታደርገው፣ ዕድሜ ነው» አሉት።

ይቺ ቃል ውስጡ ገብታ ቀረች። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አባቱ በስልሳቸው የልጆቻቸውን ስም ማምታታት ጀምረው ነበር። በበነጋው ማታ መኪናዋን አቁሞ መብራቱን አጥፍቶ፣ ቤቱ ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ ሄዶ አየ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ጊዜ ተመለሰ። መኪናዋን ሜዳ ላይ ማቆም ፈርቶ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ማቆም ጀመረ፤ እምቢ ስትል ተንሸራታ እንድትነሳ ነው። ሚስቱ ሮማነወርቅ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ እሱም ነርሷን «የመርሳት መድኃኒት አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ነርሷ ሳቀች፤ ሮማነወርቅ ግን አልሳቀችም። ልጁ ባርኮት በደብተር ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፈችለት፤ «መብራት። ራዲዮ። ቁልፍ።» ያቺን ወረቀት በደረት ኪሱ ይዞ፣ ማታ ማታ እንደ ተማሪ እያነበበ፣ እያንዳንዱን በጣቱ እየነካ መኪናዋን ይሰናበታል። ጠዋት ትገፋለች።

በመጨረሻ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ በስምንተኛው ግፊያ ማግስት፣ ወደ ፈይሰል ወሰዳት። ፈይሰል አቦከር ሰፈር ውስጥ በቆርቆሮ በተከለለች ቦታ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሲሠራ የማያወራ ሰው ነው። በመጀመሪያ ሁለቱን ባትሪዎች አየ። ጫፋቸው ላይ የጋገረውን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውኃ አጠበ፣ የላላውን የባትሪ ሽቦ፣ ካቦውን፣ አጠበቀ፣ ክዳናቸውን ከፍቶ አሲዱን በመለኪያ ስቦ ለካ።

«ተርበዋል እንጂ አልሞቱም» አለ።

ሞተሩን በሌላ ባትሪ አስነስቶ ዲናሞውን በቴስተር ለካ። ሃያ ስምንት ቮልት ይሰጣል። ቀኑን ሙሉ ባትሪዎቹን የሚመግበው ዲናሞ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ያኔ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ ለሀብተወልድ አስያዘውና አንዱን ካቦ ከባትሪው ፈታ። በካቦውና በባትሪው መካከል አንዲት ትንሽ አምፖል አገናኘ። ቁልፍ ተነቅሎ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ራዲዮ ተዘግቶ፣ አምፖሏ ልትበራ አይገባም ነበር። በራች። ደብዘዝ ብላ፣ ግን በራች።

«ጋሽ ሀብቴ፣ መኪናዋ ቆማ እያለች የሚበላት ነገር አለ። እርስዎ ምንም አልረሱም» አለ ፈይሰል።

ሀብተወልድ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር፤ ይሄን መደበቅ አይገባም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በመዳፉ ፊቱን ጠረገ። ወደ ሮማነወርቅ ደውሎ «አንጎሌ ደህና ነው» ሊላት ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ቁጥሩን ግን ሳይጨርስ ፈይሰል ጠራው።

ፈይሰል ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ነበር። አምፖሏ በአንዱም አልጠፋችም። በፊውዝ የማያልፍ፣ በኋላ የተቀጠለ ሽቦ መኖር አለበት ብሎ ዳሽቦርዱን ፈታ፤ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ዳበሰ። ሲያወጣው በጥቁር ቴፕ የተጠቀለለች፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን ይዞ ወጣ።

«ይቺን እርስዎ ነዎት ያስገጠሟት?»

«ምንድን ናት?»

ፈይሰል ቴፑን ላጥ አድርጎ አየ። «ጂፒኤስ ናት። ውስጧ ሲም ካርድ አለ፤ መኪናዋ የት እንደዋለች፣ የት እንደቆመች፣ ባለቤቱ በስልኩ ያያል። ከእሷ ጋር የታሰረችው ይቺኛዋ ደግሞ ሞተር ማጥፊያዋ ናት። ካሻው እቤቱ ቁጭ ብሎ መንገድ ላይ ያስቆምዎታል። የገጠማት ሰው ሥራውን አያውቅም፤ ሌት ተቀን ኃይል እንድትስብ አድርጎ ነው የቀጠላት። ባትሪውን የጨረሰችው እሷ ናት።»

«መቼ የተገጠመች ትመስላለች?»

«ቴፑ ገና አቧራ አልያዘም። ወር አይሞላትም።»

ሀብተወልድ ማስላት አላስፈለገውም። ከዛሬ በፊት፣ በዚህ ወር ቁልፉ ከእጁ የወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው።

የአዴ መስቱራ ልጅ አፍራ ያገባች ሰሞን ነበር። ምሳ ጠርተውት ሄደ። በዚያ ቤት አሥራ ሰባት ዓመት ሲገባ ሲወጣ መቀመጫው በሩ አጠገብ ያለችው ዝቅተኛዋ መደብ፣ ነደባዋ፣ ነበረች፤ ቅርም ብሎት አያውቅም። የዚያን ቀን ግን አዴ መስቱራ እጁን ይዘው ወደ ላይኛው ነደባ፣ ሟቹ ባላቸው ይቀመጡበት ወደነበረው ምንጣፍ አወጡት። «ከእንግዲህ ቦታህ እዚህ ነው» አሉት። የሥጋው ነገር እንደማይሆንለት ስለሚያውቁ ለብቻው ምስር አሠርተውለት ነበር። እንባው መጥቶ ጉርሻ የሚውጥ አስመስሎ ዋጠው። ምሳው መሐል ሐምዲ ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ መኪናዋ መንገድ ዘግታለች አሉ፤ ቁልፉን ስጠኝ፣ እኔ ላስጠጋት፣ አንተ አትነሳ» አለው። ሰጠው። ልጁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሰ፤ በመሐሉ ሀብተወልድ አንዴ ሊነሳ ሲል አዴ መስቱራ «ተቀመጥ እንጂ፣ ምን ያጣድፍሃል» ብለው ሳህኑን ሞልተውለት ነበር። ማታ ቤቱ ገብቶ ለሮማነወርቅ የት እንደተቀመጠ ሦስት ጊዜ አወራላት።

ያ ሁሉ ክብር ሽቦ እስኪቀጠል ማቆያ ነበር።

«ልንቀላት?» አለ ፈይሰል።

«ተዋት፣ ንብረቱ የእኔ አይደለም። ባትሪዋን እንዳትበላ አድርገህ በወጉ እሰርልኝ።»

ፈይሰል ሽቦውን አስተካክሎ በራሱ ፊውዝ አሳለፈው፤ አምፖሏም ጠፋች። ባትሪዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቻርጅ ሲደረጉ ዋሉ። ሀብተወልድ ቁልፉን ሲያዞር አይሱዙዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ያቺ ድምፅ ሌላ ጊዜ ደስ ታሰኘው ነበር።

ኤረር በር አጠገብ ሜዳ ላይ አቁሟት በእግሩ ወደ ጀጎል ገባ። አዴ መስቱራ ብቻቸውን ነበሩ። «ሀብቴ፣ ግባ፣ ወደ ላይ ውጣ» አሉት። እሱ በሩ አጠገብ፣ የድሮ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

«መኪናዋ ተሠራች» አለ።

«አልሐምዱሊላህ። ምን ሆና ነው?»

«ፈይሰል ከዳሽቦርዱ ኋላ አንዲት ሳጥን አገኘ።»

አዴ መስቱራ ሻሻቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ። «ሐምዲ ነው» አሉ። «ዘመኑ ከፋ፣ መኪና እየተሰረቀ ነው ብሎ... ወላሂ ላንተ ብለን አይደለም።»

«ቢነግሩኝ እኔው ራሴ ወስጄ አስገጥማት አልነበር?»

«እንዳይከፋህ ብለን ነው። ገጣሚውም ባትሪ ትንሽ ትነካለች ብሎ ነበር፤ ሐምዲ ግን ይሄን ያህል መች...»

እዚህ ላይ አቆሙ። ያወጡት ቃል መመለሻ አልነበረውም።

ሾፌርን መጠርጠር የባለንብረት ነገር ነው፤ ሀብተወልድ እሱንም ቢሆን ውሎ አድሮ ይቅር ይለው ይሆናል። «ያውቁ ነበራ» አለ ድምፁን ሳያነሳ። «እያወቁ ነው ዕድሜ ነው ያሉኝ። እኔ ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ እኮ አዴ። አበድኩ ብዬ።»

አዴ መስቱራ ዓይናቸውን ወደ ምንጣፉ ጣሉ።

ተነሳ። ላይኛው ነደባ ላይ፣ ያን ቀን በተቀመጠበት ምንጣፍ፣ የባርኮትን ወረቀት ዘርግቶ አስቀመጠ። ቁልፉን ከአንገቱ ለማውጣት ግን ተቸገረ፤ ክሩ ከማተቡ ጋር ተጠላልፎ ነበር። ቆሞ፣ ቀስ ብሎ ፈታው፤ ወረቀቱ ላይ አኖረው።

«ሀብቴ፣ የነገውን የሶፊ ጭነት ማን ያመጣዋል?»

«ሐምዲ መንዳት ይችላል፤ አስተምሬዋለሁ። መኪናዋ የት እንዳለች ደግሞ ስልኩ ይነግረዋል።»

በኤረር በር ወጣ። ጫኝና አውራጆቹ ሲያዩት ከተቀመጡበት ሊነሱ አሉ፤ በእጁ ተዉ አላቸው። አይሱዙዋን ቀጥ ብሎ ሊያልፋት ነበር። እግሩ ግን አላለፈም። ጎንበስ ብሎ የፊት መብራቶቿን አየ፣ ዞሮ የኋላዎቹን አየ፣ መስታወቱን በመዳፉ ከልሎ ወደ ራዲዮው ተመለከተ። ሁሉም ጠፍተው ነበር።