የአያ ባዩ ጉንጭ

ፈንታነሽ ወደ ባሕር ዳር ስትወርድ ሚኒባስ ውስጥ በግራ በኩል አትቀመጥም። ሐሙሲት ላይ በግራ በኩል የሙላቴ ሱቅ አለ። ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለ አንድ ትልቅ ፎቶ በተከፈተው በር ከመንገድ ይታያል። ያን ፎቶ የሠራችው እሷ ናት፤ ማየት ግን አትችልም።

ፎቶ አንሺ ናት። ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከእኔ ቤት አጠገብ፣ አንድ ክፍል ተከራይታ ትሠራለች። ካሜራዋ በቅርብ ከመጡት፣ ውስጣቸው መስታወት ከሌላቸው ትንንሾቹ ነው። አብሮት የነበረው ሌንስ ግን ጠባብ ነበር። የአንድን ሰው ፊት ሲያነሳ ያምራል፤ ቤት ሙሉ ሰው ሲሆን ግን አይችልም። ሰው ሁሉ እንዲገባላት ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለች፣ አንድ ቀን አንበሳሜ ሰርግ ቤት በጀርባዋ ከበሩ ወጥታ ከጠላው ጋን ጋር ተጋጨች።

“ፎቶ አንሺዋ ሳትጠራ ጠላው ጋ ደረሰች!” ብለው ሳቁባት። ያን ቀን አብራ ሳቀች።

ሰፊ ሌንስ ልትገዛ ባሕር ዳር ሄደች። የሚያቀርብና የሚያርቀው ዓይነት ከአቅሟ በላይ ስለነበር፣ ባለበት የሚቆመውን መረጠች። ረከስ ይላል፤ ጨለም ያለ ቤት ውስጥም ይሠራል። ሻጩ ሁለት አወጣላት፤ አንዱ አሥራ ስድስት፣ አንዱ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር። ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል። አሥራ ስድስቱ ምስሉን ራሱ ያጠራል፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። አሥራ ሁለቱ በእጅ እየዞረ ነው የሚጠራው፤ ርካሽ ነው።

አሥራ ሁለቱን ካሜራዋ ላይ አድርጋ ወደ መደርደሪያዎቹ አነሳችው። ሱቁ እንዳለ ገባላት፤ ጣሪያው፣ ወለሉ፣ ግራና ቀኙ። ዳር ያሉትን ካርቶኖች አጉልታ አየቻቸው። ጠርዛቸው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

“አያጣምምም” አለ ሻጩ።

እውነቱን ነበር። አላጣመመም። ካርቶን ግን ጉንጭ የለውም። እንዲህ ያለው ሌንስ ቀጥ ያለውን ቀጥ አድርጎ ለማቆየት ሲል ዳር ላይ ያለውን ክብ ነገር ይለጥጠዋል። ፈንታነሽ ይህን ስታስረዳኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለቀጥታው ሲባል ክቡ እንደሚጎዳ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። እሷም ሌንሱን ስትገዛ አላወቀችም።

በአዲሱ ሌንስ የመጀመሪያ ሥራዋ የገነት መልስ ነበር፤ ሐሙሲት፣ በአባቷ በሙላቴ ቤት። በዚያ ቤት መደቡ ከጓዳው ጥግ ተነስቶ ግድግዳውን እየተከተለ እስከ በሩ ይሄዳል። አቀማመጡ በዕድሜ ነው። ትልቁ ሰው ከጥጉ ይቀመጣል፤ ከዚያ ተከታዩ፣ እያለ ወደ በሩ ይወርዳል። ከጥጉ የተቀመጡት የሙላቴ አጎት አያ ባዩ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፊታቸው እንደ ወይራ ፍልጥ የጠራ ሽማግሌ ናቸው። ሙሽሮቹ ከማንም አስቀድመው የእሳቸውን ጉልበት ሳሙ።

ፈንታነሽ ከመደቡ መካከል ፊት ለፊት ቆመች። ሁሉም ገባላት፤ ምሰሶው እንኳ አልቀረም። በካሜራው ጀርባ ባለችው ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ሰው የምስር ፍሬ ያህል ነው። ደስ አላት። ማንንም “ጠጋ በሉ፣ ውጡ፣ ግቡ” ሳትል የጨረሰችበት የመጀመሪያ ቀን ነበር።

“ትልቅ አድርገሽ አውጪልኝ። ሱቄ ላይ ሰቅዬው ገበያተኛው ሁሉ ይየው” አላት ሙላቴ።

አሳጥባ፣ ፍሬም አስገብታ፣ እዚያው በጋዜጣ እንደተጠቀለለላት ሳትፈታው በገበያ ቀን ሱቁ ወሰደችለት። ሙላቴ ሰው እያየ ጋዜጣውን ቀደደው። መካከል ላይ ሙሽሮቹ ጥርት ብለዋል። ከጥጉ ግን አያ ባዩ የሉም። በቦታቸው አንድ የማይታወቅ ወፍራም ሰው ተቀምጧል፤ ጉንጩ እንደ ሊጥ ወደ ጠርዙ ተስቧል፤ አንድ ዓይኑ ከሌላው ሸሽቷል።

“አያ ባዩ! የመልሱ በሬ እንዳለ ወደ ጉንጭዎ ሄደ እንዴ?” አለ አንዱ። ሱቁ በሳቅ ተሞላ።

አያ ባዩ ከኋላ ነበሩ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ ቀርበው አዩ።

“ይኼ እኔ ነኝ?”

“አንቱ ነዎት፣ አያ” አለች ገነት፣ መሬት መሬት እያየች።

ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። “መስታወት ካየሁ ቆይቻለሁ” አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ፈንታነሽ ዞሩ። “እርጅና ነው እንዲህ የሚያደርግ፣ አይደል ልጄ?”

ሌንሱ ነው ማለት ብቻ ነበረባት። ግን ገበያ ሙሉ ሰው ፊት እንዲህ ማለት ሥራዬን አላውቅም ማለት መሰላት። ፊቷ ጋለ፤ አንገቷን አዎ ብላ ነቀነቀች።

ከሰነበተ በኋላ ገነት ደወለችላት። ስለ ፎቶው ልትወቅሳት አልነበረም፤ ስለ ሌላ ነገር እያወራች መሃል ላይ እንዲህ አለቻት፦ “አያ ባዩ እኮ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው መዋል ጀመሩ። በርዶዎት ነው? ስላቸው፣ ‘ሰው እንዳላስጠላ ነው’ ይሉኛል። ማኅበር ላይም ከጥጉ አልቀመጥም ብለው ከሰው ኋላ ሆነዋል።”

ፈንታነሽ ስልኩን ዘግታ ሌንሱን ከካሜራው ፈታችው። ምንም አላደረገም፤ ዓይኑን ከፍቶ ያያታል። አንገቷን የነቀነቀችው እሷ ናት።

በማግስቱ ባሕር ዳር ሄደች። አሥራ ስድስቱ ገና አልተሸጠም፤ ካሜራዋ ላይ አደረገችው። ባለሱቁን ከግራ፣ አንድ ቻርጀር ሊገዛ የመጣ ሰውዬ ከቀኝ አስቀምጣ ማንሳት ጀመረች።

“እህቴ፣ ሌንስ ነው የምትገዢው ወይስ ሰርግ ልትደግሽ ነው?” አለ ባለሱቁ።

“ዝም ብለህ ተቀመጥ። ጉንጭህን ነው የማየው።”

“ካየሽውስ አግቢኝ!”

ሰውዬው ቻርጀሩን እንደያዘ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ሁለቱን ፊቶች አጉልታ አየች። ትንሽ ሰፋ ብለዋል፤ ግን ማን መሆናቸው ይታወቃል። መደርደሪያው በሙሉ አልገባላትም። አይግባ አለች።

“አስቀምጥልኝ። አሥራ ሁለቱን መልሼ፣ ልዩነቱን ጨምሬ እወስደዋለሁ።”

“አሁን ይዘሽው የለም እንዴ? ለምን ዛሬ አትመልሽውም?”

“አንድ የቀረው ሥራ አለ” አለች።

ስትመለስ ሐሙሲት ወረደች። አያ ባዩ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሙላቴ ቤት መደቡ ላይ ነበሩ፤ ከበሩ በኩል። ገነትም አጠገባቸው ነበረች። ፈንታነሽ አሥራ ሁለቱን ሌንስ ካሜራው ላይ መልሳ ለገነት ሰጥታ፣ ያን ጊዜ ራሷ የቆመችበት ቦታ አቆመቻትና ከጓዳው ጥግ ሄዳ ተቀመጠች።

“ያ የእኔ ቦታ ነው” አሉ አያ ባዩ።

“አውቃለሁ፣ አያ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንሺኝ፣ ገነት።”

ፎቶውን አጉልታ አሳየቻቸው። ጉንጯ እንደ ሊጥ ተስቧል፤ አንድ ዓይኗ ከሌላው ሸሽቷል። ሽማግሌው ስክሪኑን አዩ፤ እሷን አዩ፤ መልሰው ስክሪኑን አዩ።

“ያን ቀን ታውቂ ነበር?”

“ጋዜጣው ሲቀደድ አወቅሁ።”

“አንገትሽን ነቀነቅሽልኝ።”

“አዎ።”

ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ። እሷ ቢቆጧት ትወድ ነበር።

“ለእኔ ነገርሽኝ፣ ደግ ነው” አሉ በመጨረሻ። “የሳቀው ግን ገበያው ነው።”

በሚቀጥለው የገበያ ቀን፣ የራሷን ፎቶ በዚያው ልክ አሳጥባ፣ ፍሬም አስገብታ ይዛ መጣች።

“ምን ነካሽ፣ ፈንቴ? ይኼን ልስቀል?” አለ ሙላቴ።

“የአያን አውርድና ስቀለው።”

ሰቀለው። ሰው ተሰበሰበ። “ይቺ ደግሞ ማን ናት? ፊቷን ማን ጎተተባት?” አለ አንዱ፤ ሳቁ ተነሳ። ፈንታነሽ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። መናገር ነበረባት፤ ተዘጋጅታም ነበር። ግን እንደገና፣ በዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ዝም አለች።

አያ ባዩ በሰው መካከል አልፈው መጡ። በትራቸውን ወደ ፎቶው ሲያነሱ ጋቢው ከጉንጫቸው ወርዶ ትከሻቸው ላይ ቀረ።

“ፎቶ አንሺዋ ናት። ይቻት፣ እዚህ ቆማለች፤ እዩዋት። ፊቷ ደህና ነው። ዕቃው ነው እንዲህ የሚያደርግ።”

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ ከዚያም አያ ባዩን። እሷ ግን ቀና ማለት አልቻለችም፤ የስኳር ጆንያዎቹን እያየች ቆመች።