አልታጠፍ ያለው ፍላጻ

ልጅ ሳለሁ፣ ማለት ዘጠኝ ዓመቴ ላይ (እናቴ አስራ ሰባት ሞልቶኝ እንኳን አሁንም ልጅ ነሽ ትለኛለች)፣ ገላን ኮንዶሚኒየም የኛን ብሎክ የሚጠብቁት አባባ ደምሴ ነበሩ። ሲመሻሽ በትልቅ የቀለም ጣሳ ውስጥ ከግንባታ የተረፈ ቁርጥራጭ እንጨት ያነዱና ተረት ይጀምራሉ። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ የብሎኩ ልጅ በሙሉ እሳቱ ጋ ይሰበሰብ ነበር፤ ጭሱ ያስለቅሰናል፣ ፍሙ ፊታችንን ይጠብሰናል፣ ጀርባችን በብርድ ያልቃል፣ ግን ማንም ንቅንቅ አይልም። አባባ ያደጉት መተከል ቆላ ነው። ተረታቸው ሁሉ አዳኝና ቀስት ነው፤ ለምስክርም የራሳቸው ቀስት ከሦስት የሸምበቆ ፍላጻ ጋር ጥበቃ ቤቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ችግሩ ጋሽ ሽፈራው ነበር፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው የሲኖትራክ ሹፌር። ከሥራ ሲገባ ቆም ብሎ ያዳምጥና፣ «እኝህ ሰውዬ ሌባ ነው የሚጠብቁት ወይስ ውሸት ነው የሚያረቡት?» ይላል።

አንድ ቀን አባባ መረራቸው። «እሁድ ከሰዓት፣ እዚሁ ግቢ! ያቺን ቢጫ ጄሪካን በሦስት ፍላጻ ካልመታሁ፣ ከዚያ ወዲያ ተረት የሚባል ነገር ከአፌ አይወጣም!»

ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም።

ምክንያቱም ልክ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ አባባ ሻይ ሊጠጡ ወጣ ሲሉ፣ ሦስቱን ፍላጻ ሰርቄ ነበር። በፕላስተር ቀጣጥዬ አስረዘምኳቸውና፣ ጫፉ ላይ ከጥቁር ካልሲ የሠራሁትን አይጥ አስሬ፣ አንደኛ ፎቅ እትዬ አስካለ መስኮት ውስጥ ከታች ሆኜ አወዛወዝኩት። ጩኸታቸው ቃሊቲ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። በጣም ደስ ይል ነበር፣ መስኮቱን ድርግም አድርገው እስኪዘጉት። ቀጭ! ሦስቱም ፍላጻ ስብርብሩ ወጣ።

ምን ላድርግ? ከአጥሩ ሥር ቀጥ ቀጥ ያሉ ደረቅ የባህር ዛፍ ዘንጎች መረጥኩ፣ ላባውንና ብረቱን ከሸምበቆው ነቅዬ እነሱ ላይ አሰርኩ፣ በጫማ ቀለም ቀባሁና መልሼ ሰቀልኳቸው። ከሩቅ ሲታዩ ቁርጥ የድሮዎቹ። በሥራዬ ኮርቼም ነበር። አባባ እውነት ሊወረውሩባቸው ነው ብዬ ግን አላሰብኩም።

እሁድ ደረሰ። ጄሪካኗ ውኃ ተሞልታ ግድግዳው ሥር ቆመች፣ ሕዝቡ ከኋላ ተሰበሰበ። አባባ የመጀመሪያውን ፍላጻ አንስተው በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉት። ደገኑና ለቀቁ። ፍላጻው ወደ ግራ ታጥፎ እትዬ አስካለ የልብስ ሳፋ ውስጥ ጥልቅ!

«አሳ ነው እንዴ የሚያድኑት?» አለ ጋሽ ሽፈራው። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ሁለተኛውም ወደ ግራ። እሱስ ይባስ ብሎ የጋሽ ሽፈራው አሮጌ ጎማ ላይ ነጥሮ ወደቀ።

አንድ ቀረ። አባባ ሦስተኛውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተጫኑት፤ ንክች አይልም። አሸተቱት። ከዚያ ቀስ ብለው ልጆቹን አንድ በአንድ ሲያዩ፣ ዓይናቸው የኔ ጣቶች ላይ ቆመ። በሳሙና ብፈትጋቸውም ጣቶቼ እስከ ጥፍራቸው በጫማ ቀለም እንደጠቆሩ ናቸው። ከኋላዬ ደበቅኳቸው፣ ግን ዘግይቼ ነበር።

አባባ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፣ ከኪሳቸው ሴንጢ አወጡ፣ የቀስታቸውን መያዣ በግራ በኩል ይፍቁ ጀመር። እየፋቁም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ እሳት፣ ተረት ጀመሩ።

«አንድ አዳኝ ነበር። ደህና ፍላጻ ሲወረወር እንደ እባብ እጥፍ ብሎ የቀስቱን ወገብ፣ መያዣውን፣ ይዞርና መንገዱን ያቃናል። የሱ ፍላጻ ግን ደረቅ፣ እልኸኛ! ወገቡን መዞር እንቢ ስለሚል ገፍቶት ወደ ግራ ይሄዳል። አዳኙ ውኃ ነከረው፣ እሳት አሞቀው፣ ሰደበው። ወይ ፍንክች! ጎረቤቱ ሰብረህ አንድደው አለው።»

«ተረት ነው ጥገና?» አለ ጋሽ ሽፈራው።

«ሁለቱም ነው ሽፈራው። ደግሞ ካንተ መኪና ጥገና ቶሎ ያልቃል።» አሁን የተሳቀው በሱ ነበር። «በመጨረሻ ቀስቱ ምን አለ? እሱ ካልታጠፈልኝ፣ እኔ ልቅጠንለትና በቀጥታ ይለፍ።»

ፍቅፋቂውን እፍ አሉት። ፍላጻው አሁን በተፋቀው በኩል ወደ መሃል ጠጋ ብሎ ተቀመጠ። ተነሱ፣ ከበፊቱ አስረዝመው እስከ ጆሯቸው ሳቡት። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ተረት ሊቀር ነው፣ በኔ ምክንያት፣ ለካልሲ አይጥ ብዬ!

ጧ!

ስገልጥ ጄሪካኗ መሃሏ ላይ ተበስታ ውኃ ታንፎለፉላለች። ጋሽ ሽፈራው ራሱ አባባን አቅፎ ከፍ አደረጋቸው። «የፊተኞቹ ሁለቱስ ምን ነካቸው?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «ቀስቴ ወፍሮ ነበር» አሉ።

ያን ምሽት ልጆቹ እስኪበተኑ ጠብቄ እሳቱ ጋ ተጠጋሁ። «አባባ፣ እኔ እንደሆንኩ አውቀዋል አይደል? ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ አደረጉ። «ማነው ዝም ያለው? ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ ስለማን ሳወራ የዋልኩ መሰለሽ?»

አራተኛ ፎቅ እስክወጣ ድረስ አልገባኝም ነበር። እልኸኛው ፍላጻ እኔ መሆኔ ሲገባኝ ደረጃው ላይ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ትንሽም አለቀስኩ መሰለኝ። በነጋታው ማንም ሳይጠይቀኝ እትዬ አስካለ ጋ ሄጄ፣ «አይጧ የኔ ናት» አልኳቸው። ጆሮዬን ሳቡኝ፣ ከዚያ ዳቦ ሰጡኝ።

ቀልዱን እስከዛሬ አልተውኩም፣ ልተውም አላሰብኩም። ግን አንዳንዴ አስበዋለሁ፤ ያን ቀን አባባ ቢቆጡኝ ኖሮ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ እክድ ነበር። የሚቆጣኝን ሰው ሁሉ እክዳለሁ፣ እናቴን ጨምሮ። ተረትን ግን እንዴት ብለው ይክዱታል?