ኮንቴነር ውስጥ የጠቆረች ሰዓት

ያስገቡኝ የዕቃ ኮንቴነር ውስጥ ነው፤ አዳማ ዳር፣ አንድም ዛፍ የሌለበት ግቢ። ጠባቂው በሩን ከመቀርቀሩ በፊት፣ «ሲግልህ ትፈርማለህ» አለኝ።

የምፈርመው ቃል አጭር ነው፦ አንድ የቡልቡላ ሽማግሌ ወጣቶችን ለአድማ ሲቀሰቅሱ ሰምቻለሁ የሚል። ሰውየውን አይቻቸው አላውቅም ነበር። ያስተዋወቀን ያው ኮንቴነር ነው።

ክንዳቸው ላይ ርካሽ ዲጂታል ሰዓት ነበረች፤ ለሶላት ብለው ለምነው ያስቀሯት። ለቀትር ሶላት ከጀሪካኑ ሊታጠቡ አወለቋትና ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ካለ ብሎን አንጠለጠሏት። ሲጨርሱ መስታወቷ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል።

«ልጄ የገዛልኝ ናት» አሉ።

ጠባቂው በቀዳዳው አይቶ ሳቀ። «አንተ ሽማግሌ፣ ሰዓትህ ቀድማህ እጅ ሰጠች!»

ጠባቂው ሲሄድ፣ «አባቴ፣ አልሞተችም» አልኳቸው። ሥራዬ የስልክ ስክሪን መጠገን ነው፤ ለምን እንደሚጠቁር እስኪገባኝ ለብቻዬ አንብቤያለሁ። «ውስጧ ፈሳሽ ክሪስታል አለ። ሞለኪውሎቹ እንደ ጭራሮ ረዣዥም ናቸው፤ ጎን ለጎን ተሰልፈው ብርሃኑን ይመራሉ። ሙቀት ሲበዛ ሰልፉ ይፈርሳል። ሲበርድ ይመለሳሉ።»

«ሁሉም ሙቀቱን እኩል ነው የሚችለው?»

«አይደለም። አካሉ ቀጥ ያለና ድርቅ ያለው ብዙ ይችላል። ከጎኑ ቅርንጫፍ ያወጣው ግን ከጓደኛው ጋር መጠጋት ስለማይችል ቶሎ ይበተናል።»

«የኔዋ ቅርንጫፍ በዝቶባታል በለኛ!» ሳቁ። ሰዓቷን ጥላው ጋ፣ ጀሪካኑ ሥር አስቀመጡ። «ና ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንተም ወደዚህ ተጠጋ።»

ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። ቢሮው ውስጥ ቬንትሌተር ይዞራል። ቀዝቃዛ ውሃ ቀዱልኝ። መርማሪው ወረቀቱን ገፋ አድርጎ፣ «ፈርምና ቤትህ ግባ» አለኝ። አነበብኩት። የሽማግሌውን የአባት ስም እንኳ አሳስተውታል። ያበገነኝ እሱ ነው፤ ሰው ለማጥፋት ስሙን ለማወቅ እንኳ አልደከሙም።

ውሃውን ሳልነካ፣ «ያልሰማሁትን አልፈርምም» አልኩ።

«እንግዲያው ተመልሰህ ተቀቀል።»

ስገባ ሽማግሌው ክንዳቸው ላይ መልሰው ያሰሯትን ሰዓት ወደ እኔ አዞሯት። ቁጥሮቹ ተመልሰዋል። «ሶላቴ ደርሷል» አሉ። ሊያወልቁ ሲሉ ቀድሜ እጄን ዘረጋሁ። እስኪታጠቡ ድረስ ሰዓቷ ብረት ሳትነካ መዳፌ ላይ ቆየች።

በማግስቱ ወሰዷቸው። የሚፈርም ሌላ ሰው ተገኝቶ ነበር፤ እኔን ስላላስፈለግኳቸው ለቀቁኝ።

ዛሬም አዳማ ስክሪን እጠግናለሁ። ሾፌሮች መኪና ውስጥ ረስተውት የጠቆረ ስልክ ያመጡና «ሞተ» ይሉኛል። ጥላ ውስጥ አስቀምጬ ጠብቁ እላቸዋለሁ።

ኮንቴነሩ እዚያው ግቢ ቆሟል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ንዴቴ ይነሳል። እሱ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።