የናዝሬት ጭድ

ሰው ስለ አባቴ ሲያወራ «ፍርሃት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር» ይላል። ያናድደኛል። ያን ቀን ከጎኑ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ የእኔን ጉልበት ሲመታው ነው የዋለው።

አባቴ ናዝሬት ውስጥ ባለጋሪ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ፈረሱን ጠምዶ ይወጣል፤ ከአውቶቡስ ተራ ገበያ፣ ከገበያ ባቡር ጣቢያ ሲመላለስ ውሎ ወገቡን ይዞ ይገባል። ወገቡን ይዞ የገባው ሰውዬ ግን ራት እስኪቀርብ እንኳ አይታገስም፤ ሬዲዮኑን ከፍቶ እስክስታውን ያስነካዋል። እናቴ «አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የምታድገው?» ስትለው ይባስ ብሎ እሷንም እጇን ይዞ ያስነሳታል። እሁድ እሁድ ፈረሱን አጥቦ፣ ግንባሩ ላይ ቀይ የክር ጉንጉን አስሮለት፣ እኛን ልጆቹን ጭኖ ሰፈሩን ያዞረናል። ከፈረሱ ጋር እንደ ሰው ነው የሚያወራው። ተሳፋሪ ቶሎ እንሂድ ሲለው «እሱን ጠይቁት፣ አለቃው እሱ ነው» ይላል።

ታላቅ ወንድሜ አሥራ ስምንት በሞላው ዓመት የውትድርና አፈሳው በረታ። የጎረቤታችን ልጅ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ በዚያው ቀረ፤ እናቱ ከወራት በኋላ የሰማችው ሰሜን ጦር ግንባር መሆኑን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ከደጅ አልወጣም። የመኪና ድምፅ በሰማን ቁጥር አልጋ ስር ይገባል። አባቴም ሬዲዮኑን መክፈት ተወ። እኔን ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ይሄ ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌ ሰዎች መጥተው በቤቱ ስንት ወንድ እንዳለ ጠይቀው ሄዱ። አባቴ በማግስቱ ወንድሜን አርሲ ውስጥ ወዳለችው ደራ ሊያደርሰው ቆረጠ። አክስቴ እዚያ ከከተማው ወጣ ብላ ገበሬ አግብታ ትኖራለች፤ እርሻው ውስጥ ከገባ ማንም አያገኘውም ብሎ።

ጠዋት የተሳፋሪውን መቀመጫ ከጋሪው ነቀለ። ወንድሜ ወለሉ ላይ ተጋደመ። ብናኙ እንዳያስነጥሰው እናቴ ፊቱን በነጠላዋ ሸፈነችው፣ አባቴም በላዩ ጭድ ከምሮ በገመድ አሰረ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ልጅ የያዘ ሰው አይጠረጠርም ብሎ ከጎኑ አስቀመጠኝ። «ምንም ብትሰሚ ወደ ኋላ እንዳትዞሪ» አለኝ።

በአሰላ መንገድ መውጫ ላይ ኬላ ነበረ። ጠባቂዎቹ ጭነት የሚፈትሹት ጫፉ በሾለ ረጅም ፌሮ እየወጉ ነው። ከፊታችን የነበረው ጋሪ ላይ ያሉትን ጆንያዎች አንድ በአንድ ሲወጓቸው አየሁ። ፌሮው እስከ መያዣው ድረስ ይገባ ነበር።

«አካም ጂርታ፣ ባለጋሪው» አለ ተራችን ሲደርስ አንደኛው ጠባቂ። ከወንድሜ ብዙም አይበልጥም፤ ጠመንጃ ስለያዘ ግን አባቴን አንተ ይለዋል። አባቴ በዚያ ሲያልፍ ሳያስቃቸው አልፎ አያውቅም። ያን ቀን ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

«ወዴት ነህ?»

«ደራ። ዘመድ ልጠይቅ ብዬ።»

«ጭድ ይዘህ?»

ስህተታችን ያኔ ነው የገባኝ። ደራ የጭድ አገር ነው። ጭድ ከነሱ ወደ ናዝሬት ይመጣል እንጂ ከናዝሬት ወደነሱ የሚወስድ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ዕድሜውን ሙሉ ጭድ ሲገዛ የኖረ ሰው፣ ልጁን የሚደብቅበት ሲፈልግ ይህን አላሰበም። ጠባቂው ፌሮውን አንስቶ ጫፉን ጭዱ ላይ አሳረፈ።

«ጓድ» አለ አባቴ፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «እኔም ነግሬዋለሁ። ይሄ ፈረስ የናዝሬት ልጅ ነኝ፣ የገጠር ጭድ አልበላም አለኝ። ስንቁን አስይዞኝ ነው የሚሄደው።»

«ይሄም እኮ የደራ ጭድ ነው።»

«ቀስ በል እንዳይሰማህ። እስካሁን አልነገርኩትም።»

ጠባቂው ፌሮውን ተደግፎ ሳቀ። ጓደኛውን ጠርቶ አባቴን አስደገመው። እንሂድ ይለናል ስል ፌሮውን ለጓደኛው ወረወረና «መልካሳ ጉዳይ አለኝ፣ አድርሰኝ» ብሎ ወጥቶ ጭዱ ላይ ተቀመጠ።

ጭዱ በክብደቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ወደ ኋላ አልዞርኩም። ሰውየው በየደቂቃው «እሺ፣ ሌላ ጨምር» ይላል፣ አባቴም ይጨምራል። የሚያውቀውን ቀልድ ሁሉ አወራ፤ ሲያልቅበት ዘፈነ። ላቡ ከጆሮው ስር ወደ ኮሌታው ይወርድ ነበር። መሀል ላይ ከጭዱ ስር የሆነ ነገር ሲንቀጠቀጥ በመቀመጫዬ በኩል ተሰማኝ። ወንድሜ ታፍኖ እየሞተ ነው ብዬ አሰብኩ። አባቴም ሳይሰማው አልቀረም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ዘፈነ።

መልካሳ ላይ ጠባቂው ወረደና የአባቴን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ሄደ። ከከተማዋ ወጥተን ከመንገዱ ራቅ ያለ ግራር ስር ቆምን። አባቴ ቋጠሮው አልላላ ሲለው ገመዱን በጥርሱ ፈታው። ጭዱን እየዛቀ ጣለ። ነጠላውን ሲገልጠው የወንድሜ ፊት በእንባ ርሷል።

«ተጎዳህ? ምንህን ነው?»

ወንድሜ እየሳቀ ነበር። «እስካሁን አልነገርኩትም» አለ ሆዱን ይዞ። ያ መንቀጥቀጥ ሳቅ ነበር፤ ሰውየው ላዩ ላይ ተቀምጦ፣ እሱ ነጠላውን ነክሶ።

አባቴ በጥፊ መታው። ከዚያ በፊት በማናችንም ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም። ወዲያው ጭዱ ላይ ተንበርክኮ ያንኑ ጉንጩን በሁለት እጁ ይዞ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።

ወንድሜ ደራ ቆይቶ መንግሥት ሲለወጥ ተመለሰ። አባቴም ወደ ጭፈራው ተመለሰ፤ ያንን ቀልድ ግን ዳግመኛ ከአፉ አልሰማንም። ጠባቂው ለከተማው ሁሉ አዳርሶት፣ ወንድሜ ሲመለስ ደግሞ ከጭዱ ስር ማን እንደነበረ ተሰምቶ ስለነበር ሌላው ሰው ነው የሚያወራው። አባቴ ሲሞት ለቅሶ የመጡት ባለጋሪዎች ያንኑ አንስተው ሳቁ፤ ፍርሃት አያውቅም ነበር አሉ። ዞር ብዬ ወንድሜን አየሁት። እሱ አልሳቀም። መዳፉን በዚያው ጉንጩ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር።