ማሽኑ ከደብተሬ የተማረው

ላሊበላ ውስጥ ባለች አንዲት አነስተኛ የአስጎብኚዎች ማኅበር አሥራ አንድ ዓመት መዳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። መዳቢ ማለት ጠዋት ጠዋት እንግዳውን ከአስጎብኚው ጋር የሚያገናኝ ሰው ነው። ሆቴሎች ይደውላሉ፣ «ሁለት ጀርመኖች አሉ፣ አንደኛው እግሩን ያመዋል» ይሉኛል። ደብተሬን ገልጬ ተራው የማን እንደሆነ አያለሁ። ተራውን ብቻ ግን አልከተልም። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሞ ሰዓት ሙሉ የሚተርክ አስጎብኚ አለን። እሱን ሕፃናት ለያዘ ቤተሰብ አልሰጥም። ፈጥኖ የሚራመደውን ለሽማግሌዎች አልሰጥም። ይህ ደብተሩ ላይ አልተጻፈም፤ እኔ ጋ ያለ ነገር ነው። ደብተሩ ላይ ያለው ቀኑ፣ እንግዶቹ እነማን እንደሆኑ፣ ቋንቋቸው፣ የሚሄዱበት ቦታና የአስጎብኚው ስም ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሊቀመንበራችን ስብሰባ ጠርቶ፣ የሚረዳን አንድ ፕሮጀክት የምደባ ፕሮግራም ሊሰጠን እንደሆነ ነገረን። ከሆቴሎቹ የሚመጣውን ጥያቄ ራሱ ተቀብሎ፣ ራሱ አስጎብኚ መርጦ የሚያቀርብ ኮምፒውተር ነው። ግማሹ ሰው አጨበጨበ። ግማሹ እኔን አየኝ። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ «አብሽር፣ ጡረታህ ደረሰ!» ብሎ ቀለደ፤ ሁሉም ሳቀ።

እውነቱን ለመናገር፣ አልፈራሁም። ይልቅ ነገሩ አላስቀምጠኝ አለ። ማታ ከባለቤቴ ጋር ራት ስንበላ፣ «እሺ፣ ያ ሰውዬ ሰዓት ሙሉ እንደሚተርክ ማን ይነግረዋል?» እላለሁ። «ነገ ጠይቃቸው፣ አሁን ብላ» ትለኛለች።

ከአዲስ አበባ የመጣችው ባለሙያ የልጄ እኩያ ነበረች። ኮምፒውተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ገና ሳትቀመጥ ደብተሮቼን ጠየቀችኝ። ሰባት ደብተር ነበረኝ። አንደኛውን ጠርዙን አይጥ በልቶታል። አቅፌ አምጥቼ ፊቷ ስከምረው ዓይኗ በራ።

«ይህን ሁሉ ዓመት አስቀምጠውታል? እኔ እኮ ከባዶ ልንጀምር ነው ብዬ ነበር የመጣሁት።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ማሽኑ የሚማረው ከዚህ ነው። ከእርስዎ።»

ፎቶ አንስታ ኮምፒውተሩ እንዲያነበው ሞከረች። የእጅ ጽሑፌ አሸነፈው። ስለዚህ እኔ እያነበብኩ እሷ እየጻፈች ሦስት ሳምንት ጎን ለጎን ተቀመጥን። መብራት ሲጠፋ ደጅ ወጥተን ፀሐይ እንሞቃለን፤ ሲመጣ እንመለሳለን። በሕይወቴ ማንም ሥራዬን እንደዚያች ልጅ ጠይቆኝ አያውቅም።

«እዚህ ጋ ተራውን ለምን ዘለሉት?» ትላለች በጣቷ እያሳየች።

«እናቱ ሞታ ኀዘን ላይ ነበር።»

«እዚህስ?»

«ከአንድ ቀን በፊት እዚያ ሩቅ ገጠር፣ ብልባላ ደርሶ ተመልሷል። ደክሞታል ብዬ ነው።»

«አልተጻፈም ግን።»

«ለምን እጽፋለሁ? እኔ አውቀው የለ!»

ሳቀች። «ማሽኑ አያውቀውማ! እሱ የሚያየው ያደረጉትን ብቻ ነው፤ ለምን እንዳደረጉት አያይም።»

ይህን ነገር ያኔ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አሳለፍኩት።

ፕሮግራሙ ሥራ ጀመረና እሷ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። እኔ ቢሮዬ ውስጥ ቀረሁ፤ ሥራዬ ማሽኑ ያቀረበውን አይቶ ማጽደቅ ወይም መቀየር ሆነ። ወዲያው አንድ ጨዋታ ፈጠርኩ። ጥያቄ ሲመጣ ስክሪኑን ሳላይ የእኔን ምርጫ በብጣሽ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ቀና ብዬ የእሱን አያለሁ። አንድ ዓይነት! ሌላው ሲመጣ እንደገና አንድ ዓይነት። ያንን ብዙ የሚተርክ ሰው ልጆች ላሉት ቤተሰብ አልሰጠም። ማንም አልነገረውም፤ ከደብተሬ ላይ ለቅሞ ደርሶበታል። ሰው የገዛ ድምፁን በስልክ ቀድቶ ሲሰማው የሚሰማው ዓይነት ነገር ተሰማኝ። እኔ ነኝ፣ ደግሞም እኔ አይደለሁም።

ወር ገደማ ካለፈ በኋላ አንድ ሆቴል የአራት ስፔናውያን ሴቶችን ጥያቄ ላከ። ከሁለት ቀን በኋላ በእግር ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም መውጣት ይፈልጋሉ፤ ስፓኒሽ የሚናገር አስጎብኚ ይሁንልን ብለዋል። ማኅበራችን ውስጥ ስፓኒሽ የሚችሉ ሁለት ናቸው። አንደኛው ዓይኑን ሊታከም ደሴ ሄዷል። ሁለተኛዋ ከሴት አስጎብኚዎቻችን አንዷ፣ የቄስ ልጅ ናት። ተራዋም ደርሷል። ስለዚህ ወረቀቴን እንኳ ሳልጽፍ ስክሪኑን አየሁ።

ማሽኑ ያቀረበው ከእንግሊዝኛ ሌላ የማይችል አንድ ወንድ ነበር።

ተበላሸ አልኩ። አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። ከታች «ምክንያት» የሚል ቁልፍ አለ፤ ስነካው «ከዚህ በፊት ከተደረጉ ምደባዎች ጋር ይስማማል» አለኝ። ባለሙያዋ ጋ ደወልኩ።

«ማሽንሽ ቋንቋ መለየት አቃተው» አልኳት።

ከእሷ በኩል የቁልፍ ሰሌዳ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። ከቆይታ በኋላ «ቋንቋውንስ አይቶታል» አለች። «ግን እሷንና አሸተንን አንድ ላይ አላገኛቸውም። አንድም ቀን። እርስዎ ይህችን ልጅ ወደ ተራራው ልከዋት ያውቃሉ?»

«እንዴታ!» አልኳት።

«እስኪ ደብተሩን ይዩት።»

ያን ቀን ከሰዓት ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ፣ በጣቴ ስሟን እየተከተልኩ ወረድኩ። ቤተ መድኃኔ ዓለም። ቤተ ማርያም። ቤተ ጊዮርጊስ። ብልባላ፣ በመኪና። የቅዳሜ ገበያ። እንደገና ቤተ ማርያም። ይኸኛው ደብተር ላይ ከሌለ የሚቀጥለው ላይ ይኖራል እያልኩ ገለጥኩ። በማግሥቱ ጠዋት የመጨረሻውን ጨረስኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደ አሸተን ማርያም አንድ ጊዜ እንኳ አልላክኋትም። ተራዋ ከተራራው ጥያቄ ጋር ሲገጥም እሷን ዘልዬ የሚቀጥለውን ጽፌያለሁ። በየቦታው፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ኀፍረት አልነበረም፤ ለምን የሚል ጥያቄ ነበር። ልጅቱን አከብራታለሁ። ጉልበቷ ደህና ነው። እንግዶች ያመሰግኗታል። ታዲያ ለምን? ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እንደ ሌላ ሰው ራሴን ጠየቅሁት። ብዙ ከቆየሁ በኋላ አባቷ ትዝ አሉኝ።

ማኅበሩ ውስጥ በገባችበት ሰሞን አባቷ መንገድ ላይ አግኝተውኝ ነበር። ከቅዳሴ እየተመለሱ ነው፤ መስቀል ከተሳለምኩ በኋላ ትከሻዬን ይዘው «ልጄን ወደ አሸተን ገደል እንዳትልክብኝ፣ አደራ» አሉኝ። «እሺ አባ» አልኩ። ይኸው ነው። አደራ ከካህን አፍ ከወጣ ይከብዳል፤ ተቀበልኩና አኖርኩት። ከጊዜ ብዛት አደራው ተረሳኝ፣ መዝለሉ ግን በእጄ ቀረ።

በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ከግንቡ ጥግ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ነበር።

«አባ፣ እንደምን ዋሉ? አንድ ነገር ልጠይቅዎ መጥቼ ነበር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጥ እስኪ፣ ምን ገጠመህ?»

ነገርኳቸው። ማሽኑን ማስረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደ፤ በመጨረሻ «ደብተሬን ያነበበ ጸሐፊ አለ፣ እሱ ነው የደረሰበት» ስላቸው ገባቸው። አደራውን ሳነሳ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«እኔ? ገደል ነው ያልኩህ?»

«አንቱ ነዎት፣ አባ። ልጅቷ ሥራ በጀመረችበት ክረምት።»

«ክረምት!» አሉ፤ ጭናቸውን መቱ። «የዚያን ክረምት መንገዱ ተንዶ በቅሎ ወድቃ አልነበረም እንዴ? እስኪጠገን ነዋ ያልኩህ! ከተጠገነ ስንት ዘመኑ!»

ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል ፊታቸው ተለወጠ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልላክሃትም? እኔ የከለከልኳት መስሏት ይሆን?»

«እሷኑ ልጠይቃት» ብዬ ተነሣሁ።

ልጅቷን ከቢሮው ደጅ አገኘኋት፤ ከጠዋት እንግዶቿ ተለያይታ ስትመለስ ነበር። አስገብቼ አስቀመጥኳት። ደብተሮቹ ገና እንደተገለጡ ናቸው።

«ነገ አሸተን የሚወጡ አራት ስፔኖች አሉ» አልኳት። «ትሄጃለሽ?»

ወደ ተገለጡት ደብተሮች አየች። «ምን ተገኘና ነው ዛሬ የጠየቁኝ፣ ጋሼ?»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ማሽኑን፣ ደብተሩን፣ የአባቷን አደራ። ስጨርስ አንዱን ደብተር ወደ ራሷ ስባ ስሟን በጣቷ እየነካች አየችው።

«ሁለት ጊዜ ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለች። «በመጀመሪያው ዓመትና በሦስተኛው። ሁለቱንም ጊዜ ‹ይደርስሻል› አሉኝ።»

«እኔ?»

«አንቱ ነዎታ! ከዚያ ተውኩት። ሴት ስለሆንኩ ነው ብዬ አሰብኩ። አንዳንዴም የቄስ ልጅ ስለሆንኩ ነው እላለሁ።»

«ትችያለሽ ግን? አቀበቱን ማለቴ ነው።»

ይህን ጊዜ ሳቋ መጣ። «ጋሼ፣ ለማርያም ንግሥ በየዓመቱ እኮ እወጣለሁ! አንድ ጊዜ ከባለቤትዎ ጋር አብረን ነው የወረድነው። አልነገሩዎትም?»

ባለቤቴ ምናልባት ነግራኝ ይሆናል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንቱን እንዳልሰማሁ ከዚያ በኋላ ነው ማሰብ የጀመርኩት።

ማሽኑ ያቀረበውን ስም ሰርዤ የእሷን አስገባሁ። «የለወጡበትን ምክንያት ይጻፉ» የሚል ባዶ ቦታ ወጣ። ብዙ አሰብኩና «መጀመሪያም ስህተቱ የእኔ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ባለሙያዋ በኋላ ይህን አይታ፣ ማሽኑ በዚህ ዓረፍተ ነገር ምንም ሊያደርግበት እንደማይችል በስልክ ነገረችኝ፤ «እኔ ግን አንብቤዋለሁ» አለች።

በማግሥቱ ማለዳ ወጡ። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ እንኳ በየግማሽ ሰዓቱ ደጅ እየወጣሁ ወደ ተራራው አንጋጥጥ ነበር፤ ከዚያ ርቀት ምንም እንደማይታይ እያወቅሁ። ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ተቃጥላ፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ ገባች። ከእንግዶቹ አንዷ ትንፋሽ አጥሯት አንድ ገበሬ ቤት ደጅ ማረፋቸውን፣ የቤቱ እመቤት እርጎ እንደሰጠቻቸው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ መነኩሴ እሷን በስፓኒሽ ስታወራ ሰምተው «ይህ ደግሞ የየት አገር ግዕዝ ነው?» ብለው እንደጠየቁ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ከዚያ ውኃ ጠጣችና ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ደስ ብሎኛል» አለች። «ግን ዘጠኝ ዓመት ረጅም ነው፣ ጋሼ።»

«ረጅም ነው» አልኳት። ባዶውን ብርጭቆ እንደገና ሞላሁላት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቼ ነገሩን ለአባላቱ ተናገርኩ። ይወቅሱኛል ብዬ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ስብሰባው ሲበተን ሰዎች ጠረጴዛዬን ከበቡት። «ስለ እኔስ ምን ይላል? እስኪ የእኔን አሳየኝ!» ማሽኑ ስለእነሱ ምን እንደተማረ፣ ማለትም እኔ ሳልናገር ስለእነሱ ምን እንደማስብ ማወቅ ፈለጉ። አንዱ ሁልጊዜ ብልባላ የምልከው ሰው ነበር። የሚስቱ አገር ስለሆነ ደስ ይለዋል ብዬ ነው አልኳቸው።

«ደስ ይለዋል?» ብሎ ጮኸ። «የሚስቴ ዘመዶች እኮ ናቸው! በሄድኩ ቁጥር ያንን የድንበር ክርክራቸውን ሳልዳኝ አይለቁኝም! እንግዶቹ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁኛል!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ለባለሙያዋ ይህን ስነግራት እሷም ሳቀች፤ ከሳምንት በኋላ ግን ፕሮግራሙ ላይ አዲስ ገጽ ጨመረችልን። እያንዳንዱ አስጎብኚ የሚወደውን መንገድ፣ የማይወደውንና ምክንያቱን ራሱ ይጽፍበታል። መጻፍ የሚያስቸግራቸውን አንድ በአንድ እያስቀመጥኩ ጠይቄ ጻፍኩላቸው። ሥራዬ ቀነሰ ሲባል በዛ። ያ ሰዓት ሙሉ የሚተርከው ሰውዬ «አጭር ማውራት እችላለሁ፣ ማንም አጭር አውራ ብሎኝ አያውቅም» ብሎ አስጻፈኝ። አሁን ልጆች ያሉት ቤተሰብ አንዳንዴ ይደርሰዋል። አጭር ማውራቱን ግን ገና አላጣራሁም።

ከዘንድሮ መስከረም ጀምሮ የቄሱ ልጅ ከእኔ ጋር በሳምንት ሁለት ቀን ትመድባለች። ተራራው በማይደርሳት ቀን ማለት ነው። ባለፈው ሰኞ ማሽኑ አንድ ወጣት አስጎብኚን በተከታታይ ለሦስተኛ ጊዜ ዘለለው። እኔ ወረቀት አንስቼ ምክንያቱን መገመት ጀመርኩ፤ ታሞ ይሆን፣ ከእንግዳ ተጣልቶ ይሆን፣ ፈረንሳይኛው አልጠና ብሎ ይሆን። እሷ ግን ቀድማኝ ስልኩን አንሥታ ለራሱ ለወጣቱ ደውላ ነበር። «ይቆዩ እስኪ» አለችኝና ገና እየጠራ ያለውን ስልክ በመካከላችን አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው።