«ጣውላ የለኝም»

አጎቴን ሳስብ ቀድማ ጆሮዬ ላይ የምትመጣው «ጣውላ የለኝም» የምትለው ቃላቸው ናት።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ላይ የሬሳ ሣጥን ልሥራ ብለው ሲነሡ መከራቸውን አዩ። ቀበሌው፣ «አልጋና ወንበር ይሥሩ፤ ለዚህኛው ፈቃድ የለንም» አላቸው። ሰውም ሟርት ነው ብሎ አንዲት ክፍል ነፈጋቸው። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱማ፣ «እኔ ሞትን ደባል አላደርግም!» ብለው በር ዘጉባቸው። በመጨረሻ በእናቴ ጓሮ ጀመሩ።

የባሰው የታመመ ሰው መጠየቅ ነበር፤ «በዓይኑ ሊለካን መጣ» ተብለው ይታማሉ። እሳቸው ግን አይቀሩም። ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ደጅ ያስቀምጡና፣ «ለእርስዎ የሚሆን ጣውላ የለኝም፤ ይነሡ!» እያሉ ይገባሉ። በሽተኛው ይስቃል። አዴ ጫልቱ ራሳቸው የታመሙ ጊዜ፣ «ሌላው ያለቅስብኛል፤ እሱን ጥሩልኝ» ብለው አስጠሯቸው። ዳኑም።

ከዓመታት በኋላ አጎቴ አልጋ ሲይዙ አዴ ጫልቱ በከዘራ እየተደገፉ መጡ።

«ለአንተም ጣውላ የለም፤ ተነሥ!» አሏቸው።

አጎቴ ከልባቸው ሳቁ። «አዴ፣ የራሴንስ ድሮ መርጬ አስቀምጫለሁ» አሉ።

ዛሬ ጓሯችን ጣውላ ሞልቷል። በሰፈሩ ሰው ሲታመም «የለኝም» የሚል ነው የጠፋው።