የምንጩ አጥር

አጎቴ ከጉና ግርጌ ባለው መንደራችን የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። ክረምት ሲወጣ ጡሩምባ ያስነፋሉ፤ ሰው ተጠራርቶ ወጥቶ የምንጩን አጥር ያድሳል፣ ከብት እንዳይገባበት። በዚያ ዓመት ግን ጡሩምባው አልተነፋም። ድንች የደረሰበት ሰሞን ነበርና አጎቴ ከአጥሩ ጠንካራ ጠንካራውን እንጨት ነቅለው የራሳቸውን ማሳ አጠሩበት። ጎረቤቱም እሳቸውን አይቶ የቀረውን እየነቀለ ማገደው። ከማስተምርበት ከደብረ ታቦር ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ በሬዎቹ ምንጩ ውስጥ ቆመው እዚያው ሲጠጡ፣ እዚያው እበታቸውን ሲጥሉ አያለሁ። ስናገር፣ ከተሜ ሆነሃል ብለው ሳቁብኝ።

ኅዳር ላይ የመንደሩ ልጆች በተቅማጥ መውደቅ ጀመሩ። የአጎቴ የመጨረሻ ልጅም ታመመች፤ ሳቂታ፣ ጸጉረ ረጅም ልጅ ነበረች። ዛሬ ይሻላታል፣ ነገ ይሻላታል ሲሉ ጤና ኬላ ሳትደርስ ሞተች።

አጎቴ ለቅሶ ቤት አቀርቅረው ተቀምጠው ነበር። ኋላ ቀና አሉና፣ «ተበልታ ነው» አሉ። «ያቺ ሸክላ ሠሪ ገበያ ላይ ጸጉሯን ዳብሳ፣ እንዴት ያምራል አለቻት። ትፍ ትፍ እንኳ አላለችም።»

ቤቱን እፎይታ ሞላው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የምንጩን አጥር ያነደዱት ሁሉ ትንፋሽ አገኙ። አንዷም ቀበል አድርጋ፣ «የኔም ልጅ የታመመው ከሷ እንስራ በገዛሁ ማግስት ነው» አለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ውሃው ነው፣ አፍልታችሁ ጠጡ፣ አጥሩን መልሱ ብላ ለፈለፈች። እሺ እሺ ብለው ሸኟት።

ሸክላ ሠሪዋ ባሏ የሞተባት፣ ከመንደሩ ጫፍ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። እሳት መጫር ከለከሏት። አፈር የምታወጣበትን ጉድጓድ በድንጋይ ደፈኑት። አንድ ማለዳም በሯ ላይ እሾህ ተከምሮ አገኘች። ለምንጩ የጠፋው እሾህ ለሷ በር ተገኘ!

«መምህር፣ አንቱ እንኳ ንገሩልኝ» አለችኝ። «ከዚህ ወጥቼ የት እወድቃለሁ?»

አጎቴ ዘንድ ሄድኩ።

«ታዲያ ልጄን ማን ገደላት?» አሉ። «በል ንገረኛ!»

«አጥሩ ነው። እንጨቱ እርስዎ ማሳ ላይ ነው ያለው» አልኳቸው።

በትራቸውን አነሱብኝ። በዚያው ሳምንት ሴትዮዋ ጓዟን ተሸክማ የአንበሳሜን መንገድ ይዛ ሄደች፤ ማንም አልሸኛትም።

የልጅቱ አርባ ሲወጣ አጎቴ ቤት ተሰበሰብን። ሚስታቸው ከጓዳው እንስራ ውሃ በጣሳ ቀድታ ሰጠቻቸው። ግማሹን ጠጡና የቀረውን ለትንሹ የልጅ ልጃቸው አቀበሉት። ሳላስበው ዘልዬ ጣሳውን ከአፉ ነጠቅኩት።

አጎቴ አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ወደ እንስራው ዞሩ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉ። «የዚያች ሸክላ ሠሪ ሥራ መሆኑን እኮ ዘንግቼው!»

እንስራውን አቅፈው ደጅ አወጡና ከድንጋይ ላይ ሰበሩት። ከዚያ ሚስታቸውን ጀሪካን አስይዘው ወደ ምንጩ ላኳት።